ከቦሌ ወንዞች እስከ አባ ሳሙኤል ባሕር
ስለ ወፎች ማደሪያና ከሩቅ አገር ስለሚመጡ እንግዶች

ሰው የሚኖርበትን ከተማ አወቅሁ የሚለው መንገዱን፣ ገበያውንና መሥሪያ ቤቱን ለይቶ ሲያውቅ ነው። ይሁን እንጂ በቤቱ ጣራ ላይ በየማለዳው እየጮኸ የሚቀሰቅሰውን ወፍ ስሙ ማን ይባላል፥ ከወዴትስ መጣ ብለው ቢጠይቁት፥ «ወፍ ነዋ» ብሎ ከመመለስ በቀር ሌላ ቃል የማያገኝ እጅግ ብዙ ነው። ጎረቤቱን በስሙ የማይጠራ ሰው ነውረኛ ይባላል፤ ከእኛ ጋራ በአንድ ሰማይ ሥር የሚኖሩትን እነዚህን ጎረቤቶች አለማወቅ ግን እስከ ዛሬ ነውር ሆኖ አልተቈጠረም። ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚወርዱትን ወንዞች ተከትለን፥ ውኃው ከሰፊ ባሕር ጋራ እስከሚገናኝበት ድረስ እንሄዳለን፤ በመንገዳችንም የምናገኛቸውን ወፎች ባሕርያቸውን እንመለከታለን።

የባሕር ዳር ባላቸው አገሮች ወፍ መመልከት የሚወዱ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ምሥጢር አለ። ይኸውም ትንሽ ወንዝ ከባሕር ወሽመጥ የሚገናኝበት ቦታ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ወፍ የሚበዛበት መሆኑ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ወንዝ በቁልቁለት ሲወርድ ደለል ይዞ ይሮጣል፤ ከሰፊው ውኃ በደረሰ ጊዜ ግን ጕልበቱ ይደክምና የተሸከመውን ጭቃ በዚያው ያወርዳል። በጭቃው ውስጥ ትል፣ ቀንድ አውጣና የነፍሳት ዕጭ ይራባል፤ በዳሩም ደንገልና ቄጤማ ይበቅላል። ጥልቀቱም ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ እግሩ አጭር የሆነው ወፍ በዳር፣ እግሩ ረጅም የሆነው ራቅ ብሎ፣ ዋናተኛውም በጥልቁ ላይ እየሆነ ሁሉም እንደ አካሉ መጠን ድርሻውን ያገኛል። አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ የውኃ ጠባይ ግን በየትም አገር አንድ ነውና፥ ይህንኑ ሥርዓት ለማየት የሚሻ የአዲስ አበባ ሰው ትልቁ አቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ወደሚገባበት ስፍራ ቢወርድ የሚፈልገውን ያገኛል።

የስፍራውን ነገር አጥርቶ ለመረዳት ከላይ ከምንጩ መጀመር ይገባል። ከእንጦጦ ጋራ የሚነሣው ቀበና፥ ግንፍሌንና ባንትይቀጡን እየተቀበለ በከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ይወርዳል። በቦሌ በኩልም ቡልቡላ የሚባለው ወንዝ አለ። እነዚህና ከየካና ከኮተቤ ወገን የሚወርዱት ጅረቶች በመጨረሻ ትልቁ አቃቂ በሚባለው ወንዝ ውስጥ ይጠቃለላሉ። በምዕራብ በኩል ያለውን ውኃ የሚሰበስበው ደግሞ ትንሹ አቃቂ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከተማውን በግራና በቀኝ አቅፈው ከወረዱ በኋላ በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያም አንድ ሆነው ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽም ቆላውን አቋርጦ በአፋር ምድር በሐይቆች ውስጥ ይቀራል እንጂ ከውቅያኖስ አይደርስም። እንግዲህ በቦሌ ከአንድ ቤት ደጃፍ የፈሰሰ ውኃ ሄዶ የሚያርፍበት የመጀመሪያው ሰፊ ባሕር አባ ሳሙኤል ነው ማለት ነው። ይህን አንባቢው በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ የምንመለስበት ነገር ነውና።

ቦሌ ዛሬ የፎቅ፣ የመስተዋትና የመኪና አገር ሆኗል። ሆኖም ወፍ ጨርሶ አልተለየውም። በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር፥ ይልቁንም በትልልቅ ዛፎች ላይ፥ ማልዶ ጆሮውን የሚያቀና ሰው ብዙ ድምፅ ይሰማል። በፎቁ ጠርዝ ላይ የምትቀመጠውን ግራጫ ርግብ ልብ ብለው ቢያዩ፥ በአንገቷ ጀርባ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ያለ ነጭ ምልክት አላት። ይህች ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ጥንት ማደሪያዋ ገደል ነበር፤ ዛሬም ፎቁን እንደ ገደል ቈጥራ ትኖርበታለች። በቆሻሻ ገንዳ ዙሪያ የሚንጐራደደው ባለ ወፍራም ምንቃሩ ቁራም በማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው የእኛው የደጋ አገር ልጅ ነው። በአትክልት ስፍራ ከአበባ ወደ አበባ እየዘለለች ማር የምትቀስመው፥ ፀሐይ ሲመታት ሐምራዊ ሆና የምታብረቀርቀው ወፍ ደግሞ በሊቃውንት ዘንድ በተከዜ ወንዝ ስም ትጠራለች። ማለዳና ማታ እንደ ሰው ጉባኤ እየተንጫጫች በሰማይ የምታልፈው፥ ብዙ ሰው ጋጋኖ የሚላት፥ ምንቃሯ እንደ ማጭድ የጐበጠ ወፍም የደጋችን ናት፤ ከጉሮሮዋ ሥር የምትንጠለጠል ትንሽ ሥጋ ስላለች ከሌላው ዘመዷ ትለያለች።

ከእነዚህ ሁሉ ጋራ ቦሌ የሚታወቅበት አንድ ሌላ የበራሪዎች ማደሪያ አለ፤ እርሱም የአውሮፕላን ማረፊያው ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ይገኛል። ሰፊና ሣር የበዛበት ሜዳ ለአውሮፕላን እንደሚመች ሁሉ ለወፍም ይመቻል። የዚህ አለመስማማት ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ አገራችን በኀዘን ተምራለች። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አሥመራ ይጓዝ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፥ ከባሕር ዳር በሚነሣበት ጊዜ ከርግብ መንጋ ጋራ ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ተበላሹ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች መካከልም 35ቱ ሞቱ። ይህን የምጽፈው ወፍን ለማስጠላት አይደለም። ርግቦቹ ለሰው ክፋት አስበው አልተነሡም። ወፍ ምግብና ማደሪያ ወዳለበት ይሄዳል፤ ስለዚህም የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ደንብ በአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የቆሻሻ መጣያ እንዳይኖር ይመክራል። ቆሻሻውን በየሜዳው የሚበትን ከተማ ወፎቹን ራሱ ወደማይፈልጋቸው ቦታ ይጠራቸዋል፤ ውኃውንና ረግረጉን የሚጠብቅ ከተማ ግን የሚገባቸውን ስፍራ ይሰጣቸዋል።

ከቦሌ ተነሥቶ በቃሊቲ በኩል ወደ አቃቂ የሚወርድ ሰው፥ ፋብሪካውንና መጋዘኑን ካለፈ በኋላ አየሩ ሲለሰልስ፥ ሜዳውም ሲሰፋ ያያል። አፈሩ ጥቁር ነው። በክረምት ጭቃው ከጫማ ጋራ ተጣብቆ እግር አያስነሣም፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ገበሬው ጤፉን በክረምት ይዘራል፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽንብራና ጓያ ያበቅላል። የወፎቹ እንግድነት የሚጀምረውም በዚሁ ወራት ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ፥ ጥቅምትና ኅዳር ሲገባ፥ ቁመታቸው ከሕፃን ልጅ የሚበልጥ፥ ሰውነታቸው ግራጫ የሆነ፥ በሰማይ ላይ ሁለት ረድፍ ሆነው እንደ መለከት እየጮኹ የሚመጡ ወፎች በሜዳው ላይ ያርፋሉ። ፈረንጆች ክሬን ይሏቸዋል። የሚያዩአቸው ብዙ ሰዎች ከሳቢሳና ከሽመላ ጋራ ያደባልቋቸዋል። ነገር ግን መለያው ቀላል ነው። ከሳቢሳ ወገን የሆነ ወፍ ሲበር አንገቱን አጥፎ ወደ ትከሻው ይሰበስባል፤ ክሬን ግን አንገቱን ወደፊት እንደ በትር ዘርግቶ ይበራል። ሽመላም አንገቷን ዘርግታ ብትበር እንኳ ሰውነቷ ነጭና ጥቁር ሲሆን፥ እንደ መለከት ያለ ድምፅም የላትም።

እኔም በአንድ የኅዳር ቀን ከልጆቼ ጋራ በዚያ በወረድሁ ጊዜ፥ በሽንብራ ማሳው ዳር ማማ ሠርተው የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። እጅ ነሥቼ፥ «አባቴ፥ እነዚህ ወፎች እህልዎን አይጐዱብዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ ሲመጡ ሽንብራዬን ይነቅሉብኛል፤ ሲዘገዩ ደግሞ ዓመቱ ምን ነካው ብዬ እሠጋለሁ። ስለዚህ ልጆቼን አባርሩ እላቸዋለሁ እንጂ ግደሉ አልላቸውም» አሉኝ። ጥቂት ዝም ካሉም በኋላ ወደ ወንዙ እያመለከቱ፥ «እኛ በልጅነታችን ከዚህ ውኃ ጠጥተን አድገናል። ዛሬ ከብቱን እንኳ የምናጠጣው ሌላ ስላጣን ነው። እናንተ ከላይ ያላችሁት ምን እንደምትጨምሩበት አታውቁትም?» ብለው ጠየቁኝ። ልጆቼ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔም መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ሐይቁ እንምጣ። አባ ሳሙኤል ከአቃቂ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኝ፥ በሰው እጅ የተሠራ ባሕር ነው። የወንዙ ውኃ ተገድቦ የኤሌክትሪክ ኀይል እንዲሰጥ በ1930ዎቹ ዓመታት ተሠራ፤ በአገራችን በውኃ ኀይል ከተሠሩት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችም የመጀመሪያው እርሱ ነው ይባላል። ኀይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። ለብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ ሥራውን አቁሞ አያሌ ዓመታት ቆየ፤ በ2009 ዓ.ም. ግን ታድሶ እንደገና ሥራ ጀመረ። መብራቱ በጠፋባቸው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ወፎቹ ከስፍራው አልተለዩም። ሰው ለመብራት ብሎ የሠራውን ውኃ ወፍ ለማደሪያ ወሰደው። ሊቃውንትም የአቃቂንና የአባ ሳሙኤልን ረግረግ ከኢትዮጵያ ዋና ዋና የወፍ ማደሪያዎች መካከል ቈጥረውታል። እነዚህን ስፍራዎች በየአገሩ ዞሮ የመዘገበው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ በ1996 ባሳተመው መዝገብ 69 ስፍራዎችን ዘርዝሯል።

ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ ሁከት ብቻ ይታየዋል። ዓይኑ ሲለምድ ግን እያንዳንዱ ወፍ የየራሱ ሥራና ሥርዓት እንዳለው ይገነዘባል። በዳሩ ላይ ከብቶቹን እየተከተለች፥ በእግራቸው የሚነሣውን ፌንጣ የምትለቅመው ነጯ ሳቢሳ ናት። ጭቃውን በጐባጣ ምንቃሩ የሚቈፍረው፥ ሰውነቱ ነጭ፣ ራሱና አንገቱ ግን ጥቁር የሆነው ወፍ ደግሞ ጥንታውያን ግብፃውያን እንደ ቅዱስ ቈጥረው ሬሳውን እንኳ በመድኀኒት እያደረቁ ይቀብሩት የነበረው ነው። በግብፅ ምድር መራባቱን ከተወ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በእኛ ዘንድ ግን ዛሬም ከጭቃው ውስጥ ቀለቡን ይለቅማል። በአጠገቡ የሚውለው ቡናማ ዝይም ስሙ የግብፅ ዝይ ይባል እንጂ የአገራችን ነዋሪ ነው።

ከውኃው በላይ በአየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ቁልቁል የሚመለከት፥ ከዚያም እንደ ድንጋይ ወደ ውኃው የሚወረወር ጥቁርና ነጭ ትንሽ ወፍ ይታያል፤ ይህ ዓሣ አጥማጁ ነው። በእንጨት ላይ ቆሞ ክንፉን እንደ ታጠበ ካባ ዘርግቶ የሚያደርቀው ጥቁር ወፍም እንዲሁ ጠልቆ ዓሣ የሚይዝ ነው። ራሱ መዶሻ የሚመስል ቡናማ ወፍ ደግሞ በሕንፃ ሥራ ሁሉንም ይበልጣል፤ ከጭራሮና ከጭቃ የሚሠራው ጎጆው ጣራ ያለው ሲሆን፥ ከወፉ አካል ጋራ ሲመዛዘን ትልቅነቱ እጅግ ያስደንቃል። በሐይቁ መካከል የሚንሳፈፉት ጥቁር ወፎች፥ በግንባራቸው ላይ ነጭ ሰሌዳ ያለባቸው፥ የውኃ ዶሮ የሚባሉት ናቸው። ከእነርሱም ጋራ ምንቃሩ ቢጫ የሆነው የደጋ ዳክዬ ይዋኛል።

እነዚህ ነዋሪዎቹ ናቸው። እንግዶቹ ደግሞ ሌሎች ናቸው። በአውሮፓና በእስያ ሰሜናዊ ክፍል ብርድ በጸና ጊዜ፥ ምድሩ በበረዶ ሲሸፈን፥ ውኃውም ሲረጋ፥ በዚያ የሚኖሩ ወፎች ምግብ ስለሚያጡ ወደ ደቡብ ይሰደዳሉ። ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋው ዳክዬ፣ ጅራቱ እንደ ወስፌ የሾለው ዳክዬ፣ ጭቃ ለጭቃ የሚሮጡት ባለ ረጅም ምንቃር ወፎች፣ ጅራቷን ዘወትር የምታወዛውዘው ቢጫ ትንሽ ወፍ ሁሉ ከዚያ የሚመጡ ናቸው። ክብደቷ ከአንድ ደብዳቤ እምብዛም የማይበልጥ ወፍ የሰሐራን ምድረ በዳ ተሻግራ በአቃቂ ሜዳ በበሬ እግር ሥር ስትመላለስ ማየት ልብን ይነካል። ክሬኖቹም ከሩሲያ፣ ከፊንላንድና ከኤስቶንያ እንደሚመጡ የታወቀው፥ በዚያ ያሉ ሊቃውንት በእግራቸው ላይ ቀለበት እያሰሩ፥ በኋለኛው ዘመንም በሳተላይት የሚከታተሏቸውን ትንንሽ መሣሪያዎች እያስያዙ ጕዟቸውን ስለ መረመሩ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ የሰማይ ወፎች የመምጫቸውን ጊዜ እንደሚያውቁ ከተናገረ እጅግ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዛሬ መንገዳቸውም ጭምር በካርታ ላይ ይታያል።

ክሬኖቹ ቀኑን በማሳው ውለው ማታ ወደ ሐይቁ ዳር ይመለሳሉ። የሚያድሩትም በዛፍ ላይ ሳይሆን፥ እግራቸውን ብቻ በሚሸፍን ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ነው። ይህን የሚያደርጉበት ምክንያት ቀበሮና ጅብ በሌሊት ሲቀርብ የውኃው ድምፅ እንዲያስጠነቅቃቸው ነው። ስለዚህ ከወንዙ መግቢያ አጠገብ ያለው ያ ያልጠለቀና ያልተሸፈነ ውኃ ለእነርሱ የመኝታ ቤታቸው ነው። እርሱ የጠፋ እንደ ሆነ በሜዳው ላይ የቱንም ያህል እህል ቢኖር የሚያድሩበት አያገኙም።

የኢትዮጵያን ወፎች በመጽሐፍ በመመዝገብ ከቀደሙት ሰዎች አንዱ የፍራንክፈርት ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እርሱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ተዘዋውሮ አይቶ፥ ባለ ነጭ ማጅራቷን ርግብ፣ ጋጋኖንና ክንፏ ሰማያዊ የሆነውን የደጋ ዝይ ለሊቃውንት አስታወቀ። ይህች ዝይ በገፈርሳና በሱሉልታ ትታያለች፤ ከኢትዮጵያም ውጭ አትገኝም። ኋላም ኤሚል አርባንና ሌስሊ ብራውን የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በአገራችን ያሉትን ወፎች ሁሉ በአንድ ዝርዝር ሰብስበው፥ በ1971 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሙ። ዛሬ በኢትዮጵያ የታወቁት የወፍ ዓይነቶች ከ860 ይበልጣሉ። እኛ በአማርኛ ስም የሰጠናቸው ግን ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ብዙዎቹን እኔም በዚህ ጽሑፍ በመልካቸው መግለጽ ያስፈለገኝ ስለዚህ ነው። ስም ያልወጣለት ነገር ጠበቃ አያገኝምና ለልጆቻችን ከምንተወው ሥራ አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ በልብዎ ይያዙልኝ ወዳልሁት ነገር ልመለስ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ በከተማው ውስጥ ሲያልፉ ንጹሕ ሆነው አይወጡም። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካ ውኃ፣ የመኪና ዘይትና ላስቲክ ሁሉ ወደ እነርሱ ይወርዳል። በዚሁ ውኃ ሰላጣ፣ ጎመንና ካሮት ይለማል፤ ሊቃውንትም አትክልቱን መርምረው ለጤና የሚያሠጉ ከባድ ማዕድናት እንዳገኙበት ጽፈዋል። አትክልቱ ደግሞ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ከላይ ያፈሰስነው ከታች ደርሶ በቅርጫት ተሸክመን ወደ ማእድ ቤታችን እንመልሰዋለን ማለት ነው። በዚህም ላይ እንቦጭ የሚባለው አረም አለ። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፥ በአገራችን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በአባ ሳሙኤልም ሰፍኖ የውኃውን ፊት ይሸፍናል። አበባው ለዓይን ያማረ ነው። ነገር ግን ከከተማው የሚወርደው እድፍ ማዳበሪያ ይሆንለታልና እንደ ምንጣፍ እየተነጠፈ ዳክዬው የሚዋኝበትን፥ ዓሣ አጥማጁ የሚጠልቅበትን፥ ክሬኑም የሚያድርበትን ውኃ ይዘጋል።

እኔ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ስለምኖር በየቀኑ የማየው ነገር አለ። የላይኛው ባለርስት የታችኛውን ውኃ ቢያበላሽ የታችኛው አቤት ይላል፤ መዝገብ ይከፈትለታል፤ ምስክርም ይሰማለታል። ወፍ ግን ማመልከቻ አትጽፍም፤ ወንዝም ቀጠሮ ይዞ አይቀርብም። በማማ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌም ስንቱን ከሰው ይዘልቁታል? ከሳሽ የሌለበት ጥፋት ጥፋት መሆኑ አይቀርም። እንዲህ ባለው ነገር ፍርዱን መስጠት ያለበት የእያንዳንዱ ሰው ኅሊና ነው።

በጎ ሥራም አልታጣም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ሥራ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ የሚደርሰውን 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማጽዳትና ለማልማት የታሰበ ነው። የወንዝ ዳር መናፈሻ ለዓይን እንደሚያስደስት ማንም አይክደውም። የሥራው እውነተኛ መለኪያ ግን ከሁሉ በታች፥ በአባ ሳሙኤል መግቢያ ላይ ይገኛል። ከላይ ያለው ሁሉ የጸዳ እንደ ሆነ ያ ጭቃ ትልና ቀንድ አውጣ ያፈራል፤ ወፎቹም በየዓመቱ መጥተው ይመሰክራሉ። እነርሱ መምጣታቸውን ከተዉ ግን የአበባው ብዛት አያጽናናንም።

ቤተሰቡን ይዞ ወደዚህ ስፍራ መሄድ የሚሻ ሰው የሚከተለውን ቢያስብ ይጠቅመዋል። ጊዜው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ወራት ይሁን፤ መንገዱም ደረቅ ነው፥ እንግዶቹም አሉ። በማለዳ ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ በማታም ከ10 ሰዓት ጀምሮ ወፎቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ በቀትር ግን ያርፋሉ። ፀሐይዋን ከኋላዎ አድርገው ይቁሙ፤ አለዚያ ሁሉም ጥቁር ሆኖ ይታይዎታል። የሩቅ ማያ መነጽር ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝም ትዕግሥት ይተካዋል። ልብሱ የማያብረቀርቅ፥ አካሄዱ ዝግ ያለ፥ ድምፁም ዝቅ ያለ ይሁን። በማሳው ላይ ሳይረግጡ በወሰኑ ይሂዱ፤ ባለ መሬቱን አስቀድሞ ሰላም ብሎ ማስፈቀድ ይገባል። ልጆቹ ወደ ውኃው እንዳይገቡ፥ እጃቸውንም እንዳይነክሩበት ይጠንቀቁ፤ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ከቤት ይያዝ። ወደ ጎጆ መቅረብ፥ ዕንቁላልም መንካት አይገባም።

ለልጁም ደብተርና እርሳስ ይሰጠው። ያየውን ወፍ ምንቃሩን፣ የእግሩን ርዝመትና አበራሩን እንዲጽፍ ወይም እንዲሥል፥ መንጋውንም በዐሥር በዐሥር እየቈጠረ ቀኑን እንዲመዘግብ ይደረግ። በሚመጣው ዓመት ያንኑ ቦታ ተመልሶ ሲያይ መጨመሩን ወይም መቀነሱን ራሱ ያውቃል። ወንጭፍ በእጁ ይዞ የሚያድግ ልጅ ወፍን ሲያይ ኢላማ ብቻ ይታየዋል፤ ደብተር ይዞ የሚያድግ ልጅ ግን ወፍን ሲያይ ወሬ ከሩቅ አገር ይዞ የመጣ እንግዳ ይታየዋል። የሁለቱም ልጆች እጅ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ወላጅ በእጃቸው ላይ ያስቀመጠው ነገር ነው።

በቤት ያላችሁ እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ለዚህ ጉዳይ ከእናንተ የሚፈለገው ቀላል ነው። የምግብ ዘይት በፍሳሽ መውረጃው አይደፋ፤ ላስቲክና ያረጀ ባትሪ ወደ ወንዙ ዳር አይጣል፤ የመጸዳጃው ጕድጓድ ሲሞላ ሌሊት ተደብቆ ወደ ጅረቱ አይለቀቅ፤ ጎረቤት ይህን ሲያደርግ ያየም በፍቅር ይምከረው። በቦሌ የሚኖር ሰው ከደጃፉ የሚወርደው ውኃ ከዓይኑ ስለ ራቀ የጠፋ አይምሰለው። የሚደርስበትን ስፍራ አሁን ያውቀዋል። በዚያም ስፍራ ከኤስቶንያ የበረረ ወፍ በማታ እግሩን በዚያው ውኃ ውስጥ አቁሞ ያድራል፤ የሽማግሌውም ከብቶች ሲነጋ ከዚያው ይጠጣሉ።